መርዶው ቅዳሜ ይሁን

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እኔም ከሥሩ ልጀምር፤ ሥሩ ላይ ያለሁት ራሴ ነኝና።

ሰይፈ ገብርኤል እባላለሁ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ብሬመን ውስጥ በአንድ የመርከብ መሥሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ስበይድ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሚስቴ ውብነሽ እዚያው ከተማ በአረጋውያን ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠራች። የጀርመን ሽማግሌ ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ሲሞትም ዐይኑን ስትከድን ማለት ነው። እሷም ጡረታ በወጣች በዓመቱ ያገለገለ ቮንሞቢል ገዛን። አልጋም ምድጃም ያለው መኪና ነው፤ ሰው ውስጡ ያድራል፣ ያበስላል፣ ይጣላል። ሐሳቡ የእኔ ነበር። "ዕድሜ ልካችንን ሰው እኛ ቤት መጣ፣ እኛ የማንንም ደጅ አልረገጥንም፤ እንግዲህ እየዞርን ወዳጅ ዘመድ እንጠይቅ" አልኳት። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። "በስተርጅና እንደ ኤሊ ቤታችንን ተሸክመን ልንዞር?" አለች። ኋላ ግን መጋረጃውን ራሷ ሰፋችው።

ባለፈው ጥቅምት ፍራንክፈርት ገባን። አንድ ሳምንት ልንቀመጥ ነበር ያሰብነው። መጀመሪያ ሪደርቫልድ በሚባለው ሰፈር፣ ሃብተኣብና ሚስቱ ኣበባ ዘንድ። ሃብተኣብ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ጉትሎይትፊርቴል፣ ሚስቱ የሞተችበት ሐዲስ ዘንድ፤ እሱም አብሮን ተምሯል። ቅዳሜ ደግሞ ቦርንሃይም፣ ልጃችን ሳሮን ቤት። ሳሮን ለሥራ ላይፕሲግ ሄዳ ነበር፣ ዓርብ ማታ ነው የምትመለሰው። "ፓፓ፣ ከነቤትህ እንዳትመጣብኝ፤ ቦርንሃይም ለብስክሌት እንኳ ማቆሚያ የለም" ብላኛለች።

አሁን ስለ ኢየሩስ ልናገር። ኢየሩስ የውብነሽ እህት ናት፤ በዘጠኝ ዓመት ታንሳታለች፣ አዝላ ነው ያሳደገቻት። አዲስ አበባ ነበር የምትኖረው። ከስድስት ዓመት በፊት እናታቸው ታመው ሁለት ወር ተኙ። ኢየሩስ ለውብነሽ አልነገረቻትም። በሰው አገር ብቻዋን ትጨነቃለች ብላ ነው። ውብነሽ ስትደውል "እማዬ ተኝታ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነው" እያለች ቀኑን ገፋችው። ውብነሽ የሰማችው እናትየዋ ከተቀበሩ በሳምንቱ ነው። ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ኢየሩስ ስልክ ላይ "ለአንቺ ብዬ ነው እኮ፣ እቴቴ" አለቻት። ውብነሽም መለሰችላት፤ "ለማላውቃቸው ሰዎች ልጆች እየደወልኩ 'ዛሬውኑ ኑ፣ እናታችሁ እየጠራቻችሁ ነው' ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። የእኔን እናት አንቺ ደበቅሽብኝ።" ከዚያ ዘጋችው። ቁጥሯን ከስልኳ አጠፋች። ስድስት ዓመት ሙሉ አላነጋገረቻትም።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግኩት። ሳያውቅ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። መኪናችን ሃብተኣብ ቤት በር ላይ፣ ከቁጥቋጦው አጥር ጥግ ቆሟል። እኔ የውኃውን ታንክ እየሞላሁ ነበር። ስልኬ ጮኸ። አምሃ ነው፣ የኢየሩስ ልጅ። እሱና እኔ በየበዓሉ እንደዋወል ነበር፣ ውብነሽ እያወቀች እንዳላወቀች ታልፈዋለች።

"ጋሼ ሰይፈ፣ እንደምን ዋሉ? እማዬ ታማለች።"

"ምን ሆነች?"

"ልቧ ነው አሉ። ከእሑድ ጀምሮ ሆስፒታል ናት። ሐኪሙ ብዙም ተስፋ አልሰጠን።"

"ትናገራለች?"

"ደክሟታል እንጂ ትናገራለች። ሌላ ወሬ የላትም፣ እቴቴን አምጡልኝ ነው የምትለው። እባክዎ ጋሼ፣ ስልኩን ለአክስቴ ይስጧት። ድምፅዋን እንኳ ትስማ።"

በአጥሩ ላይ አሻግሬ አየሁ። ውብነሽና ኣበባ ከጓሮው ዛፍ የወደቀ ፖም እየለቀሙ ይሳሳቃሉ። ውብነሽ የበሰበሰ ፖም በኣበባ ላይ ወርውራ በቀሚሷ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ስልኩ እጄ ላይ ነው። ከእሷ እስከ እኔ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

"አሁን አይሆንም" አልኩት።

"ጋሼ…"

"ደም ብዛት አለባት፣ መንገድ ላይ ናት። ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ትንሽ ይሻላት፣ እኔው አገናኛቸዋለሁ።"

"ሐኪሙ ግን ጋሼ…"

"አይዞህ እንጂ! ወንድ ልጅ አይደለህም? ምን ያርበተብትሃል?" ብዬ ተቆጣሁት። እናቱ የምትሞትበትን ልጅ። እሺ ብሎ ዘጋ፤ ጨዋ ልጅ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ የፈራሁት ደም ብዛቷን አልነበረም። ጩኸቷን ነው። ደግሞም ደስ ብሎን ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ ደስ ብሏት ሳያት ነበር፤ አንድ ቀን ይጨመርልኝ አልኩ። ይኸው ነው ምክንያቴ፣ ሌላ የለኝም።

ለሃብተኣብ ነገርኩት። ጢሙን እየዳበሰ ሰማኝ። "ደግ አደረግህ፣ ሰይፈ ሓወይ፣ ወንድሜ" አለኝ። "እዚህ ሆና ምን ታደርጋለች? መጨነቅ ነው። የከፋም ነገር ከመጣ ልጇ ባለችበት፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል፤ ወጉ እንደዚያ ነው።" ደስ አለኝ። ሰው ሲሳሳት የሚያግዘው አያጣም።

ለሳሮን ላይፕሲግ ደወልኩላት። ልጄ ስትቆጣ አማርኛዋ ይጠፋባታል። "ፓፓ፣ ዱ ሙስት ኤስ ኢር ዛገን!" አለችኝ፤ ልትነግራት ይገባል ማለቷ ነው። "የአዲስ አበባው አውሮፕላን እኮ ከፍራንክፈርት ነው የሚነሳው። ዛሬ ማታ ብትሳፈር ነገ ጠዋት እዚያ ናት።"

"አንቺ የእኛን ወግ አታውቂም!" ብዬ ጮኽኩባት።

ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "ሚስትህ ናት፣ ፓፓ። አንተ ታውቃለህ" አለችና ዘጋች። የዚያን ዕለት ማታ ከሪደርቫልድ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና እል ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ውብነሽ መኪናው ውስጥ፣ በትንሿ መስታወት ፊት ፀጉሯን እየሠራች "ሰይፈ" አለችኝ።

"እ?"

"ኢየሩስ ጋ ልደውል ነው።"

የሻይ ውኃውን ምድጃው ላይ መለስኩት። "ምን ተገኘ?"

"ምንም። ትናንት ኣበባ ስለ እህቶቿ ስታወራኝ ዋለች። አምስት ነበሩ፣ አሁን እሷ ብቻ ናት የቀረችው። ታዲያ እኔ ያለችኝን አንዲቷን ምን አድርጌ ነው ያስቀመጥኳት? ስድስት ዓመት በዛ። እሷ ብታጠፋ እኔ ታላቅ ነኝ። የአምሃ ቁጥር አንተ ጋ አለ አይደል? አምጣው።"

አሁን ነበር። ልቤ "ስጣት፣ ደውልላት፣ የሆነው ይሁን" አለኝ። አፌ ግን ሌላ አወራ። "ቅዳሜ ሳሮን ቤት ሆነሽ፣ ተረጋግተሽ ትደውያለሽ።"

"ለምን ቅዳሜ?"

"እዚህ ኔትዎርኩ ደካማ ነው፤ ይቋረጥብሻል።"

"እነኣበባ ቤት ኢንተርኔት አለ።"

"ስድስት ዓመት አኩርፈሽ ሦስት ቀን መታገሥ አቃተሽ?" አልኳት፤ እንደ ቀልድ። ሳቀች። "እሱስ እውነትህን ነው" አለች። "እኔም የምላትን ላስብበት። ዘው ተብሎ አይገባም።"

ረቡዕ ሙሉ ቀን ስታስብበት ዋለች። ሽንኩርት ስትልጥ፣ አልጋ ስታነጥፍ ታጉተመትማለች። "'አንቺ ባለጌ' ብዬ ልጀምር ወይስ 'እንደምን ነሽ' ልበላት?" ትለኛለች። ቆየት ብላ ደግሞ "አይ፣ እንደምን ነሽ ካልኳት ታለቅሳለች። ብሰድባት ይሻላል፣ ስሰድባት ነው የምትስቀው" ትላለች። ወዲያው ትዝ ይላትና "ድምፄን ግን ታውቀው ይሆን?" ትለኛለች። እኔ ታውቀዋለች እላለሁ። ወጣ ብዬ ጎማ እንደሚያይ ሰው መኪናውን ዞርኩት፤ ደግሞ ዞርኩት። በኪሴ ውስጥ ስልኩ ነበረ። አንድ ጣት መጫን ነው። አልተጫንኩም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ጉትሎይትፊርቴል ተሻገርን። ሐዲስ የሚኖረው ከዌስትሃፈን ወደብ ራቅ ሳይል ነው። መኪናዋን ወንዙ አጠገብ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲህ አቆምናት። ጭጋግ ነበር፤ የማይን ወንዝ ወዲያ ማዶው አይታይም። ውብነሽ የሐዲስ ወጥ ቤት ገብታ፣ "ይህን ድስት መቼ ነው ያጠብከው?" እያለች ስትቆጣው እኔ ደጅ ቀረሁ። ስልኬ ጮኸ።

አምሃ ገና ስሜን ሳይጠራ አለቀሰ። "ንጋት ላይ አረፈች፣ ጋሼ።"

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ነፍስ ይማር ብያለሁ፣ አይዞህ ብያለሁ። "ቀብሩ ነገ ከቀትር በኋላ ነው" አለኝ። "ስልኩን ሰጥተዋት ቢሆን ኖሮ" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሃብተኣብ ደወልኩ። እሱ ደግሞ እንዲህ ባለው ነገር ሰው ማደራጀት ያውቅበታል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሶ ደወለ። "ዛሬ አይሆንም፣ ሳሮን የለችም። ነገ ሰዉ ሥራ ላይ ነው፣ ኣበባም የሐኪም ቴርሚን አላት። መርዶው ቅዳሜ ይሁን፤ ማለዳ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ሁላችንም እንመጣለን" አለኝ። እዚህ አገር መርዶም ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ይፈልጋል። አገር ቤት ቢሆን የዚያኑ ዕለት ጎረቤቱ ነቅሎ ይወጣ ነበር፤ ፍራንክፈርት ውስጥ ግን ሬሳውም ሐዘንተኛውም ሰንበትን ይጠብቃል። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለምዶብኛል።

ዓርብ ዋለ። እንዴት እንደዋለ እኔ አውቃለሁ። ሐዲስ እንደወትሮው መቀለድ ትቶ "ውብነሽ እዚህ ተቀመጪ፣ ውብነሽ ይህን ቅመሺ" ይላል። ማንንም የማያስቀምጥበትን የራሱን ወንበር ለቀቀላት። ኣበባ ከሐኪሟ መልስ ለሁለት ደቂቃ ነው ብላ መጣችና ውብነሽን አቅፋ አልለቅ አለቻት። የሐዲስ ጎረቤት ኣማል፣ ከዚያ በፊት አይተናት የማናውቅ ሴት፣ ሾርባ በድስት ይዛ በር አንኳኳች። ሐዲስ አላስችል ብሎት ነግሯት ነው። ውብነሽ ሞኝ አይደለችም፤ ሁሉንም ተራ በተራ ስታያቸው አየሁ።

ለእኔ ግን እንደዚያን ቀን ሆናልኝ አታውቅም። የምወደውን የሱፍ ፍትፍት ሠራችልኝ። "ስልክህን ወዲህ በል፣ ትንሽ ዕረፍ" ብላ ቀምታኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከቀትር በኋላ በወንዙ ዳር እንንሸራሸር አለችና ክንዴን ያዘችኝ። አዲስ አበባ ቀብሩ በዚያች ሰዓት ነበር። እህቷ አፈር ስትለብስ እሷ የእኔን የኮት ቁልፍ ትቆልፍልኛለች፣ ብርድ እንዳይመታኝ።

"ወንድምህ ሙሌ ደግ ሰው ነው" አለችኝ ድንገት። ሙሌ ታላቄ ነው፤ ደሴ ነው ያለው፣ ኩላሊቱን ካመመው ሦስት ዓመት ሆኖታል።

"አዎ" አልኩ፤ ሐሳቤ እዚያ አልነበረም።

"አሳድጎሃል። አስተምሮሃል። ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?"

"አዎ" አልኩ ደግሜ። የስልኩ ነገር አስደስቷት ነው፣ ነገ እህቷን ልታነጋግር ነውና ሆዷ ባባ ብዬ ነው የገመትኩት። ሞኙስ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ለብሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሲነጋጋ የመኪናው በር ተንኳኳ። ውብነሽ ተነሥታ፣ መጋረጃዋን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። ሃብተኣብ በጥቁር ኮት፣ ሐዲስ ባርኔጣውን ይዞ፣ ሳሮን ዐይኗ አብጦ፣ ኣበባና ሌሎች ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጭጋጉ ውስጥ ቆመዋል። እንደኛ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በማለዳ ተሰብስቦ ዝም ብሎ የቆመ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው።

መጋረጃውን ለቀቀችው። ወደ እኔ ዞረች። በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችው።

"ሰይፈዬ" አለችኝ። "አይዞህ። አለሁልህ፣ እኔ አለሁልህ።"

አልገባኝም። አፌን ከፍቼ አየኋት።

"ሙሌ ነው" አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ከትናንት ጀምሮ ገብቶኛል። እኔን! እኔ ልሙትልህ! ከሰው አፍ ድንገት ሳትሰማው ከእኔ ስማው። ወንድምህ ነው። አልቅስ፣ ይውጣልህ።" ብላ ደረቷ ላይ አስደገፈችኝ።

አለቀስኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አለቀስኩ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። "የአንቺ ነው" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አንገቷ ሥር ተሸጉጬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ፤ እሷም ጀርባዬን እየመታች ሙሌን ታነሣዋለች። "ወንድሜ ሙሌ! ባሌን ያሳደግህልኝ! አንድ ቀን ሳንጦርህ!" እያለች ታለቅሳለች። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። መኪናው ጠባብ ነው፤ ሃብተኣብና ሐዲስ ገቡ፣ የቀሩት መወጣጫው ላይና መሬት ላይ ቆሙ። መርዶውን እንዲያወጣ የተመረጠው ሐዲስ ነበር። አንገቴን አቅፋ ስታጽናናኝ ሲያይ ወደ ሃብተኣብ ዞረ። ባርኔጣውን እያሻሸ ቆመ።

ሃብተኣብ ነው የተናገረው። "ውብነሽ" አላት፤ "ሙሌ ደኅና ነው።"

ቀና አለች። "ማነው ደኅና?"

"ሙሌ። ምንም አልሆነም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አለች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ፊቷ በራ፤ ለእኔ ደስ ብሏት። "ሰማህ ሰይፈ? ደኅና ነው! ታዲያ ምን…" ብላ ዞር አለች። ሳሮንን አየቻት። ልጇ ደኅና ናት። ኣበባን አየቻት። ሁሉም አሉ። ከዚያ ሁላችንም ወዴት እንደምናይ አየች።

"እኔን ነው እንዴ የምታዩት?" አለች።

ኣበባ እጇን ዘርግታ "ሓፍተይ፣ እህቴ…" አለች። ውብነሽም ከዚያ በላይ አልፈለገችም።

"ኢየሩስ" አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው። ከዚያ ያ የፈራሁት ጩኸት መጣ። ላስቀረው ያልኩት ጩኸት ከነወለዱ ከነእጥፉ መጣ። ሴቶቹ ያዟት፤ መኪናው በጎማው ላይ ይወዛወዛል። በውጭ ውሻ የሚያናፍስ አንድ ጀርመናዊ ቆሞ "አሌስ ኢን ኦርድኑንግ?" ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ወይ ማለቱ ነው። ሳሮን ወጥታ ሰው ሞቶብን ነው አለችው። ራሱን ነቅንቆ ውሻውን ጎትቶ ሄደ።

ቦርንሃይም ሳሮን ቤት ሐዘን ተቀመጥን። ሦስት ፎቅ ደረጃ እየወጣ ሰው ይመጣል፤ ከሪደርቫልድም፣ ከኦፈንባኽም፣ ከየት እንደሰማ የማናውቀውም። ሁሉም ሲገባ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ይላታል፤ ሲወጣ ደግሞ እኔን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "ጠንክርላት፣ አንተ ብልህ ሰው ነህ፣ በዘዴ ነው የያዝከው" ይለኛል። ይህን ስሰማ የምገባበት ጠፋኝ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ሐዲስ መስኮቱ ጋ ጠራኝ። "አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሆዴ ውስጥ አላስቀምጠውም" አለኝ። "ዓርብ ዕለት ውብነሽ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ያዘችኝ። 'ሙሌ መሞቱን አውቄያለሁ፣ ሁላችሁም ፊታችሁ ይናገራል' አለችኝ። 'ለነገ እንዳታቆዩት፣ ዛሬ ንገሩት፤ ወንድሙ ነው፣ መብቱ ነው፤ ሳይቀበር ያልቅስለት። እናንተ ካልነገራችሁት እኔ እነግረዋለሁ' አለችኝ።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"ምን ልበላት? እስከ ነገ ታገሺ ብዬ ለመንኳት። አንተን አንድ ቀን መከልከላችን እያቃጠላት አደረች።"

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ውብነሽ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ሳሮን የሻይ ብርጭቆ ትሰበስባለች። ከታች ከበርገር ሽትራሰ ጎዳና የልጆች ጫጫታ ይመጣል። ውብነሽ ድምፅዋ ሰልሏል።

"መቼ ነው የሰማኸው?" አለችኝ።

ሐሙስ ልላት ነበር። ሐሰትም አይደል፣ መሞቷን የሰማሁት ሐሙስ ነው። ሳሮን ብርጭቆ እንደያዘች ቆማ አየችኝ።

"ማክሰኞ" አልኩ።

"ማክሰኞ ሞታ ነበር?"

"አልሞተችም። ሆስፒታል ነበረች።"

"ትናገር ነበር?"

"ትናገር ነበር።"

"ምን አለች?"

ጠበቀችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲሞት አጠገቡ የተቀመጠች ሴት መጠበቅ ታውቃለች።

"እቴቴን አምጡልኝ አለች" አልኳት።

ትጮኻለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልጮኸችም። ጉልበቷ ላይ ያለውን የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ታስተካክላለች።

"ረቡዕ የአምሃን ቁጥር አምጣ ስልህ…"

"በሕይወት ነበረች።"

"አውሮፕላኑስ?"

"ማክሰኞም ነበረ፣ ረቡዕም ነበረ" አለች ሳሮን። ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

"ለአንቺ ብዬ ነው፣ ውብነሽ" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው የማን ቃል እንደሆነ የታወቀኝ። ልመልሰው አልችልም።

ውብነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢኖርባት ኖሮ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር።

"ኢየሩስም እንደዚሁ ነበር ያለችኝ" አለች። "በዚህችው ቃል ስድስት ዓመት አኮረፍኳት። አንተ እኔን ታውቃለህ፣ ከእሷ ያነሰ አላኮርፍህም። ግን አንተ ሰባ ሁለት ዓመትህ ነው፣ እኔም ስልሳ ስምንት። ስድስት ዓመት አለን እንዴ ሰይፈ?"

የምር ነበር የጠየቀችኝ። መልሴን እየጠበቀች ታየኛለች።